የካይሊን ስለት

«ያንን ግንባርሽን ጥረጊ! ሳትጠርጊ ይህችን ደፍ አትረግጫትም!»

አክስት ጊም የአያት ቤት በር ላይ ሁለት እጇን ዘርግታ ቆማለች። ከራሷ በላይ ለቻይናውያን አዲስ ዓመት የተሰቀሉት ቀያይ ፋኖሶች ይወዛወዛሉ። ፔይሹን የመንደሪን ከረጢቷን እንዳንጠለጠለች ደረጃው ላይ ቀጥ አለች። ጠዋት በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ላይ ካህኑ በአመድ የሳሉባት መስቀል አሁንም ግንባሯ ላይ ነው፤ የቡኪት መርታጃም ከተማ ሙቀት ያመጣው ላብ አንዱን ጫፍ ወደ ቅንድቧ አውርዶታል እንጂ።

«የአዲስ ዓመት ዋዜማ ነው ዛሬ» አለች አክስት ጊም። «እኔ ፎቅ ላይ በሽተኛ ተኝቶብኛል። አንቺ እንደ ለቀስተኛ አመድ ነስንሰሽ ትመጪብኛለሽ። ምን አስበሽ ነው?»

«ዛሬ የአመድ ረቡዕ ነው። ጾማችን የሚገባበት ቀን ነው።»

«እሱ ለናንተ! ለኛ በዓል ነው።»

እናቷ ቴሬዛ ከኋላ መጥታ ክርኗን ቆንጠጥ አደረገቻት። እሷ የራሷን አመድ ገና መኪና ውስጥ ሳሉ በመሀረብ ጠርጋ ጨርሳለች። «ልጄ፣ በቃ ጥረጊው» አለች በሹክሹክታ። «እግዜር ልብ ነው የሚያየው።»

ፔይሹን ልቧ ውስጥ ያለውን ዛሬ እግዜር እንዲያይባት አትፈልግም ነበር።

«ጊም!» የሚል ድምፅ ከኩሽና መጣ። አያት ናቸው። «ልጅቷን አስገቢልኝ፤ እጅ አጥሮኛል እዚህ!»

አክስት ጊም እያጉረመረመች አንድ እጇን አወረደች። ፔይሹን ፀጉሯን ግንባሯ ላይ ደፋ አድርጋ በክንዷ ሥር ሾልካ ገባች። አመዱን ግን አልጠረገችውም።

«ደህና መጣሽ፣ ቅድስት» አላት አንድ ድምፅ።

የአክስት ጊም ልጅ ካይሊን ናት። ወደ ፎቅ በሚወስደው ደረጃ ላይ ተቀምጣ፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ ስልኳን ትነካካለች። ሌላ ሰው ቢሰማው ሰላምታ ነው። ፔይሹን ግን ከዚያች ቃል ቀጥላ የምትመጣውን ሌላዋን ቃል ታውቃታለች። ዓመቱን ሙሉ ትምህርት ቤት ስትጠራባት ከርማለች።

ነገሩ እንዲህ ነበር። አምና በጾሙ ወራት፣ አርብ ቀን፣ የአያት ልደት ተከበረ። ፔይሹን ያኔ ገና አሥራ አራት ስላልሞላት የጾም ሕጉ አይመለከታትም፤ ሆኖም ከእናቷ ጋር አርብ አርብ ሥጋ ትታ ነበር። በእነሱ ጾም የተፈቀዱት ዓሣና እንቁላል ይበቁኛል ብላ ጥግ ይዛ ስትቀመጥ ካይሊን በእንፋሎት የበሰለ የሊጥ ጥቅል በሳህን ይዛላት መጣች። «ላንቺ ብዬ ነው ያስለየሁት። እንቁላልና ቅጠል ብቻ ነው ያለበት» አለቻት። ፔይሹን ደስ ብሏት በላች። ደገመች። «ሲጣፍጥ!» አለች። «አመሰግናለሁ» አለች። ካይሊን ይህን ሁሉ በስልኳ ስትቀርጽ ነበር። መጨረሻ ላይ ካሜራውን ወደ ራሷ አዞረችና፣ «የተፈጨ አሳማ ነው እኮ ጓዶች! ቅድስት አሳማ ጾሟን ገደፈች!» ብላ በሳቅ ፈረሰች።

ቪዲዮው መጀመሪያ ለዘመድ አዝማዱ፣ ቀጥሎ ለክፍላቸው ልጆች ደረሰ። አክስት ጊም፣ «እሰይ! ይኸው ፊቷ ላይ ደም መጣላት» አለች። አባቷ ራሱ ነገሩን ለማብረድ ብሎ ፈገግ አለ፤ ያቺን ፈገግታ ፔይሹን እስካሁን ይቅር አላለችውም። ትምህርት ቤት ደግሞ በኮሪደር ስታልፍ ወንዶቹ እንደ አሳማ ያንኮራፉባታል። እናቷ፣ «ሳታውቂ የበላሽው ኃጢአት አይሆንብሽም» ብላ ልታጽናናት ሞከረች። ፔይሹንን ግን ያንገበገባት ኃጢአቱ አልነበረም። «አመሰግናለሁ» ማለቷ ነበር።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ካይሊን በሳምንቱ ረስታዋለች። ፔይሹን አልረሳችም።

ዘንድሮ ደግሞ የቀን መቁጠሪያው ጉድ ሠራ። ዘመድ ሁሉ አንድ ገበታ የሚከብበት የአዲስ ዓመት ዋዜማ ራት ከአመድ ረቡዕ ጋር ተገጣጠመ። እሑድ ዕለት ካህኑ የጳጳሱን ፈቃድ አነበቡ፤ የቤተሰብ ራት ያለበት ሰው ዛሬ ይብላ፣ ጾሙን በሌላ ቀን ይተካ የሚል። ምእመናኑ እፎይ አሉ። እናቷም እፎይ አለች።

«እኔ አልበላም» አለች ፔይሹን። «ዘንድሮ አሥራ አራት ሞልቶኛል። ሕጉ ይመለከተኛል።»

«ተፈቅዷል እኮ፣ ልጄ።»

«ፈቀዱ እንጂ አላዘዙም።»

እናቷ ዓይኖቿ እንባ ሞልተው በኩራት አየቻት። ፔይሹን ፊቷን አዞረች። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፤ የእሷም ጾም ከዚያ አይሻልም ነበር። የፈለገችው ባዶ ሳህኗን ፊቷ ደፍታ መቀመጥ ነው። ዳክዬው ሲሰጣት እንቢ፣ ዓሣው ሲሰጣት እንቢ ልትል። አምና የሳቁ አፎች ሁሉ ዘንድሮ የሚጎርሱት ጉሮሯቸው ላይ እንዲቆምባቸው ነበር ምኞቷ።

ኩሽናው በእንፋሎት ታፍኗል። ዳክዬው በአኩሪ አተር መረቅ ይንተከተካል፤ የአሳማ እግሩ ለስልሶ ሊፈርስ ደርሷል። ፔይሹን ከጠዋት ጀምሮ የቀመሰችው ዳቦ ብቻ ነው።

«ነይ እስቲ» አሉ አያት። በሩን በእግራቸው ገፋ አድርገው ዘጉና ከምድጃው ጥግ ክዳን ያላት ትንሽ ሸክላ ድስት አሳዩዋት። «ይህች የካይሊን ናት። እንጉዳይ፣ ቶፉና የሩዝ ኑድል ነው። ሥጋ የነካው ማንኪያ እንዳይገባባት። መጥበሻውንም ለብቻው ነው ያጠብኩት።»

«ምነው? ካይሊን ሥጋ አትበላም እንዴ?»

አያት ወደ በሩ ዞር ብለው አዩ። «አባቷ ስትሮክ መትቶት የወደቀ ሰሞን የምሕረቷ አምላክ የኳን ኢን መቅደስ ይዣት ሄጄ ነበር። እኔ ሳልነግራት ተንበርክካ ተሳለች። አባቷ በእግሩ እስኪቆም ሥጋ ላትቀምስ። ምን ልበልሽ፣ ምንጣፉን በእንባ አራሰችው።»

«ካይሊን?»

«ካይሊን። ለእናቷ አልነገረችም። ጊም ብትሰማ፣ ‹ፈተና ደርሶብሽ ደም ማነስ ልታመጪ ነው› ብላ በግድ ነው የምታጎርሳት። ምሳ ዕቃዋ ውስጥ ያለውን ሥጋ ለመንገድ ድመት እየሰጠች ነው የምትመጣው። ዛሬ እንኳ ከዚህ ሁሉ ድግስ መሀል እንዴት ልትበላ ነው ብዬ ተጨንቄ ይችን ሠራሁላት። ‹እንጉዳይ አምሮኛል› ትላለች፤ ማንም ልብ አይልም።»

ፔይሹን ወደ ትንሿ ድስት ዞረች።

«ላንቺ የነገርኩሽ ስለሚገባሽ ነው» አሉ አያት፣ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ። «እዚህ ቤት የጾምን ነገር የምታውቂ አንቺ ብቻ ነሽ። እኔ ወጥቼ ለቀደሙት አባቶቻችን ጧፍ ልለኩስ። አንቺ ለካይሊን ቀድተሽ ፊቷ አስቀምጪልኝ። እሺ፣ የኔ ልጅ?»

ትከሻዋን መታ መታ አድርገው ወጡ።

ፔይሹን ብቻዋን ቀረች። ድስቷን ከፈተች። እንጉዳዩ ጥሩ ይሸታል። በትንሽ ሳህን ቀዳች፤ ኑድሉን በሥርዓት ጠቀለለች፤ ከላይ እንደ አይብ የሚቆረጠውን ቶፉ አደረገች።

ከምድጃው አጠገብ፣ ከጨው ዕቃው ጎን፣ የአያት የአሳማ ስብ ያለበት የብርጭቆ ማሰሮ ነበር። ነጭ፣ የረጋ፣ እንደ ቅቤ ለስላሳ።

እጇ ከሐሳቧ ቀደመ። ማንኪያ አነሳች። ሙሉ አድርጋ ዛቀች። ስቡ ትኩሱን መረቅ እንደነካ ቀለጠና ጠፋ፤ ከላይ ትንሽ አብለጨለጨ እንጂ ምልክት አልነበረውም። ደግማ ዛቀች። አማሰለችው። ልቧ ይደልቃል፤ ግን ፍርሃት አልነበረም። ደስታ ነበር። ዓመት ሙሉ ያላገኘችው ደስታ።

አምና ካይሊን ያለችውን በአዲስ ቃል ለራሷ ደጋገመችው። «የአሳማ ስብ ነው ጓዶች! ካይሊን ስለቷን ገደፈች!» በጣም ስላማረላት ሳቀች። ከዚያ ሳህኑን በሁለት እጇ ይዛ ወጣች።

ክቡ ገበታ ተሞልቷል። አያት፣ የፔይሹን አባትና እናት፣ አክስት ጊም፣ ካይሊን። ከካይሊን ጎን አንድ ባዶ ወንበር አለ። የአባቷ፣ የአጎት ቦክ ወንበር ነው። አጎት ቦክ ከወደቀ ወዲህ ግማሽ አካሉ አይታዘዘውም፤ ደረጃውን መውረድ አይችልም። ሆኖም ሳህኑና መመገቢያ በትሮቹ በቦታቸው ተቀምጠዋል።

ፔይሹን ሳህኑን ካይሊን ፊት አስቀመጠች። «ያንቺ ነው» አለች።

«እሺ» አለች ካይሊን። ትንሽ ደንገጥ አለች። «አመሰግናለሁ።»

ያቺ ቃል! ፔይሹን ዞራ ትይዩዋ ተቀመጠችና ስልኳን ሻይ ማፍያው ላይ አስደግፋ መቅረጽ ጀመረች። «ለበዓሉ ማስታወሻ ነው» አለች ለማንም ሳይሆን።

«ለጾመኛዋስ ምን እንስጣት?» አለች አክስት ጊም። «ሽታውን ትጥገብ ወይስ?»

«ተያት ባክሽ» አለ አባቷ።

ፔይሹን አልሰማቻቸውም። ባዶ ሳህኗን፣ እንቢታዋን፣ አክስቷን ሁሉንም ረስታለች። ዓይኗ ያች ትንሽ ሳህን ላይ ብቻ ነበር።

እንደ ልማዱ ልጆች ከመጉረሳቸው በፊት ታላላቆችን በየተራ መጋበዝ አለባቸው። ከሁለቱ የምትበልጠው ካይሊን ናትና ጀመረች። «አያቴ ይብሉ» አለች። «አጎቴ፣ ብላ። ቴሬዛዬ፣ ብዪ። እማዬ፣ ብዪ።»

ሁሉም «እሺ፣ እሺ» እያሉ በትሮቻቸውን አነሱ።

ካይሊን ግን አልጨረሰችም። ወደ ባዶው ወንበር ዞረች። ድምጿ ቀጠነ።

«አባዬ፣ ብላ።»

አክስት ጊም አንገቷን ደፍታ የጠረጴዛውን ልብስ ታስተካክል ጀመር፤ ምንም የተበላሸ ነገር ሳይኖረው። ካይሊን በትሮቿን አነሳች። ኑድሉን ጠቅልላ ወደ አፏ ወሰደች።

ፔይሹን በስልኩ መስታወት ውስጥ አየቻት። ጉንጯ ገብቷል። አምና እንዲህ አልነበረችም። ነገ አጎት ቦክ ቢብስበትስ? ከነገ ወዲያስ? ይህች ልጅ ቪዲዮውን አይታ ምን ትላለች? «አባቴን እኔ ነኝ የገደልኩት» ትላለች። ማንም ከአእምሮዋ አያወጣላትም። ማንም።

«ቆይ!»

ሁሉም ዞሩ። ፔይሹን ቆማለች።

«ምን?» አለች ካይሊን። ኑድሉ ከከንፈሯ በታች ተንጠልጥሏል።

«እሱን እኔ ልብላው።»

«ምኑን?»

«ራበኝ» አለች ፔይሹን። በጠረጴዛው ላይ ተዘርራ ሳህኑን ከካይሊን እጅ መነጨቀችው። መረቁ በነጩ ጠረጴዛ ልብስ ላይ ፈሰሰ።

«የኔ እኮ ነው! ምን ሆነሻል አንቺ?»

ፔይሹን ቆማ፣ ሁሉም እያያት፣ መብላት ጀመረች። ስቡ ምላሷ ላይ ለሰለሰ። የሚያበሳጨው መጣፈጡ ነበር። በፍጥነት ጎረሰች፤ መረቁን አንስታ ጨለጠችው።

መጀመሪያ የሳቀችው አክስት ጊም ናት። «አቤት አቤት! አመዷ እንኳ ሳይለቅ! ታዲያ ቅድም በር ላይ ምን አስገተረሽ?»

«ተፈቅዷል ዛሬ» አለች እናቷ ቀስ ብላ። ግን ልጇን ስታይ ዓይኗ ላይ የነበረው ኩራት የለም። ግራ ገብቷታል።

«ስግብግብ» አለች ካይሊን በጥርሷ መሀል።

ፔይሹን እሱንም ዋጠችው። በዚያች ሰዓት እንኳ ካይሊንን አልወደደቻትም። ስልኳን አንስታ ቪዲዮውን አጠፋችና ተቀመጠች። ፊቷ እሳት ሆኗል።

አያት ተነሥተው በፔይሹን ጀርባ ሲያልፉ ባዶውን ሳህን አነሱ። በአውራ ጣታቸው ጠርዙን ዳሰሱት። ጣታቸውን አሸተቱ። «ለካይሊን ሌላ ላምጣላት» አሉ፤ ከድስቷ በንጹሕ ሳህን ቀድተው መጡ። ሲመለሱ እንደ ወትሯቸው ፔይሹን ትከሻ ላይ እጃቸውን አላሳረፉም።

ከራት በኋላ ታላላቆቹ ሳሎን የማጆንግ ጨዋታ ያዙ። የጠጠሮቹ ኳኳታ እስከ ኩሽና ይሰማል። ፔይሹን ዕቃ እያጠበች ሳለ ካይሊን የሳህን ክምር ይዛ ገባችና ገንዳው ውስጥ ጣለችው።

«ንገሪኝ እስቲ፣ ምን አርጌሽ ነው?» አለች። «ሙድ እየያዝሽብኝ ነው አይደል? በሰው ፊት ምግቤን የምትነጥቂኝ?»

«ራበኝ አልኩሽ እኮ» ማለት ይቻል ነበር። ማንም አያውቅም። አያትም አይናገሩም፤ ፔይሹን ታውቃቸዋለች። ውሃውን ዘጋች።

«ስብ ነበረበት» አለች።

«የምን ስብ?»

«የአሳማ። እኔ ነኝ የጨመርኩበት።»

ካይሊን መጀመሪያ ያልገባት መሰለች። ከዚያ ፊቷ ቀስ በቀስ ነጣ።

«ስለቴን ማን ነገረሽ?»

«አያቴ። አምነውኝ።»

«ልታስገድፊኝ?»

«ልቀርጽሽም ነበር። ቀርጬሽም ነበር። ከአፍሽ ሲደርስ ነው…»

ካይሊን አንጓዋን አፈፍ አድርጋ ያዘቻት። ጥፍሯ ቆዳ ውስጥ ገባ። «አባቴ እኮ ነው!» አለች። እንዳይሰማባት ድምጿን አፍናዋለች፤ ለዚያም ነው ይበልጥ ያስፈራው። «አባቴ! እኔ አምና ያደረግኩብሽ… እሱ እኮ ቀልድ ነው! አንቺ ደግሞ እስካሁን አካብደሽ…»

«ለኔ ቀልድ አልነበረም።»

«ሰው አልሞተበትም!»

«አልሞተበትም። ግን ዓመት ሙሉ በኮሪደር ሳልፍ ያንኮራፉብኛል። አንቺ ሰምተሽ ታውቂያለሽ። አብረሽ ስቀሻል።»

ሳሎን ውስጥ አንዱ ሳያሸንፍ አልቀረም፣ ጩኸት ተነሣ። ካይሊን አንጓዋን ለቀቀችው። አራት ቀያይ ምልክቶች ቀሩበት።

«ታዲያ ለምን ነጠቅሽኝ? ዝም ብለሽ ብታይኝስ?»

ፔይሹን እርጥብ እጇን አየች። «ለወንበሩ ‹አባዬ ብላ› ስትዪው…» አለች።

ካይሊን ዓይኗን በክርኗ ጠረገች። ከዚያ ፔይሹን፣ «ለዛሬው ይቅርታ» አለች። «ለአምናው ግን አሁንም አንጀቴ ብግን ይላል። እንዲሁ ልዋሽሽ አልችልም።»

«እኔም ለዛሬው አለቅሽም።»

«አትልቀቂኝ።»

«ካይሊን!» ስትል አክስት ጊም ከሳሎን ተጣራች። «የአባትሽ ገንፎ ቀዘቀዘ እኮ!»

ካይሊን የሩዝ ገንፎውን ጎድጓዳ ሳህን ትሪ ላይ አስቀመጠች። ልታነሳው ስትል ገንፎው ትሪው ላይ ፈሰሰ። ጠርጋው እንደገና ሞከረች። አሁንም ፈሰሰ።

ፔይሹን አጎቷ ከወደቀ ወዲህ አንድም ቀን ፎቅ አልወጣችም። ለእናቷ ፈተና አለብኝ፣ ትምህርት አለብኝ እያለች ቆይታለች። እውነቱ ሌላ ነበር። «የካይሊን አባት ወድቆ ሐኪም ቤት ገባ» ተብሎ ሲነገራት መጀመሪያ ወደ ልቧ የመጣው፣ «እሰይ፣ ይበላት» የሚል ነበር። ለአንዲት ቅጽበት ብቻ። ከዚያ በኋላ ግን ያንን ሰውዬ ዓይን ለዓይን ማየት ፈራች። ሕፃን ሳለች ትከሻው ላይ አድርጎ ገበያ ለገበያ ያዞራት ሰው ነው።

«እኔ ላድርስለት» አለች።

ካይሊን ቀና ብላ አየቻት። ለረጅም ጊዜ አየቻት። «እዚህስ ውስጥ ምን ጨመርሽበት?»

«ቅመሺው።»

ካይሊን ጎንበስ ብላ ገንፎውን አሸተተችው። ስትቆም ግማሽ ፈገግታ የሚመስል ነገር ከንፈሯ ላይ መጥቶ ጠፋ። ትሪውን ወደ ፔይሹን ገፋችው። «በቀኝ በኩል አጉርሺው» አለች። «በግራው አይዋጥለትም። አትቸኩዪ።»

ደረጃው ይንቋቋል። ክፍሉ ጨለምለም ብሏል፤ ከጣሪያው ላይ ማራገቢያው ቀስ እያለ ይዞራል። አጎት ቦክ በትራሶች ተደግፎ ወደ መስኮቱ ያያል። ከመንገዱ ማዶ ልጆች ርችት እየተኮሱ ይጮሃሉ። ኮቴዋን ሰምቶ ዞረ። ግማሽ ፊቱ እንዳለ ቀረ፤ ግማሹ በራላት።

«ፔ… ፔይ» አለ። ቃሉን ከሩቅ እንደሚጎትት ሰው ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። «በ… ላሽ?»

በዚያች ከተማ ሰው ሲገናኝ የሚባባለው ይኸው ነው። ጠዋትም፣ ማታም፣ መንገድ ላይም። የበላም ያልበላም «አዎ» ብሎ ያልፋል፤ ማንም መልሱን አያዳምጠውም።

አጎት ቦክ ግን ይጠብቃል።

«በላሁ፣ አጎቴ» አለች። «ዛሬ ሥጋ በላሁ።»

ትሪውን አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጠች። ወንበሩን ስባ በቀኙ በኩል ተቀመጠች። ማንኪያውን እፍ አለችበትና እስኪበርድ ጠበቀች።